ሕዋሳት ሳይነግሩን የሚሸከሙት

የምሠራው ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለ አንድ የፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ናሙና ከየሆስፒታሉ ይመጣልናል። ከጡት የተወሰደ ሥጋ፣ ከአንገት የወጣ እጢ፣ ከጨጓራ የተቆነጠረች ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ቁራጭ። ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ፣ ስምና ቁጥር ተለጥፎበት ይደርሳል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ውጤቱን የምትጽፈው ፓቶሎጂስቷ ናት። የኔ ድርሻ ያ ሥጋ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ማዘጋጀት ነው።

መጀመሪያ የሥጋው ውሃ በአልኮል ይወጣል። አልኮሉ በዛይሊን ይወጣል። ቦታውን የቀለጠ ሰም ይይዛል። ሰሙ ሲረጋ ማይክሮቶም በሚባል ስስ አድርጎ በሚቆርጥ መሣሪያ እቆርጠዋለሁ። ውፍረቱ 4 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር 250 ቦታ ተከፍሎ አንዱ ማለት ነው። ቁራጩ ከስለቱ ላይ እየተያያዘ በረጅሙ ይወጣል። ለብ ያለ ውሃ ላይ ሳሳርፈው ሽብሽቡ ይፈታል። ከሥሩ መስታወት አስገብቼ ቀስ ብዬ አነሣዋለሁ። በዚህ ሰዓት ማንም አያናግረኝም፤ ትንፋሼ ራሱ ያበረዋል። ከዚያ ቀለም ይገባል። ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሚወጣው ሄማቶክሲሊን የሕዋሱን እምብርት፣ ኒውክሊየሱን፣ ሰማያዊ ያደርገዋል። ኢኦሲን ደግሞ የቀረውን ሮዝ።

ይህን ሥራ ስጀምር ከሁሉ የገረመኝ፣ የሞተ ሕዋስ ወዲያው የሞተ አለመምሰሉ ነው።

የልብ ጡንቻን እንውሰድ። ደም የሚያመጣለት ቧንቧ ድንገት ቢዘጋበት፣ ሕዋሱ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ውስጥ መኮማተሩን ያቆማል። ጉልበት የሚያመነጩለት ማይቶኮንድሪያዎች ኦክስጅን አጥተዋልና። ጉልበት ሲያልቅ ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል። ሶዲየም ይገባል፣ ውሃም ተከትሎት ይገባል፣ ሕዋሱ ያብጣል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ አልተበላሸም። ደሙ ቶሎ ከተለቀቀለት ውሃውን አስወጥቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ካለፈ ግን ሽፋኑ ይቀደዳል። ካልሲየም ይጎርፋል። የገዛ ኢንዛይሞቹ መልሰው እሱን ይፈጩታል። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። አንጎል ደግሞ ይህን ያህል እንኳ አይታገሥም፤ ለእሱ 4 ወይም 5 ደቂቃ ብዙ ነው።

ታዲያ ያንን የሞተ የልብ ሥጋ በአንድ ሰዓቱ ላይ ቆርጬ ቀለም ባስገባበት ጤነኛ ይመስላል። ሮዙ ሮዝ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ። ለውጡ በእኛ ማይክሮስኮፕ መታየት የሚጀምረው ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ያኔ ሮዙ ከወትሮው ይደምቃል። ኒውክሊየሱ ይጨማደዳል፣ ይሰባበራል፣ በመጨረሻም ደብዝዞ ይጠፋል። ሐኪሞች ይህንን ቁጭ ብለው አይጠብቁም። ከተቀደደው ሽፋን ወደ ደም የሚፈስሰውን ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን ይለካሉ። ለዚያም ቢሆን ጥቂት ሰዓታት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አንዳንዴ ደሙ ደጋግሞ ይቀዳል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለአንድ ነገር ነው። ሕዋስ ቻይ ነው። ቻይነቱ ደግሞ በሽታውን ይሸሽግልናል። «ምንም አይሰማኝም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ እውነታችንን ነው። ጉዳቱ ግን አለ። እነሱ ስለተሸከሙልን ነው ያልተሰማን።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ፒያሳ ሠራ። ሱቁ የነበረበት ቦታ ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ሥራ ካቆመም በኋላ ጠዋት ጠዋት እዚያው አካባቢ ነው የማይጠፋው፤ ጓደኞቹን አግኝቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ፣ በእግሩ ዞር ዞር ብሎ ይመለሳል። ግፊቱን የለካሁት አንድ የበዓል ማግስት ነበር። እናቴን ለክቼ፣ መሣሪያው እጄ ላይ ስለነበር ብቻ፣ «ና እስቲ አባዬ አንተም» አልኩት። 170 በ100። አሳርፌ ደግሜ ለካሁት። ያው ነው።

«ምንም አይሰማኝም እኮ ልጄ» አለኝ። «ከለገሃር ማዘጋጃ ቤት ድረስ በእግሬ አይደል እንዴ የምወጣው?»

ይወጣ ነበር፤ ሲወጣም አብሬው ሄጃለሁ። ዳገቱ ላይ እኔ ነኝ ቆም የምለው። ልቤን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ለምኜ ለምኜ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ታየ። የግራ ልቡ ግድግዳ ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በጤነኛ ወንድ ከ10 ወይም ከ11 ሚሊ ሜትር አያልፍም።

የሆነው እንዲህ ነው። የደም ሥሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር፣ የግራው ልብ በየምቱ ከበፊቱ የበለጠ ኃይል አውጥቶ መግፋት አለበት። የጉበት ሕዋስ ቢሆን ተባዝቶ ሥራውን ይከፋፈለው ነበር። ከጉበት ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ የቀረው ተባዝቶ መጠኑን ይመልሳል። የልብ ሕዋስ ግን ያንን ዕድል አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2009 በስዊድን የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች አየር ላይ የበተኑትን ካርቦን-14 በልብ ሕዋሳት ውስጥ ለክቶ፣ በዚያ የሕዋሳቱን ዕድሜ አስልቶ ነበር። የ25 ዓመት ሰው ከልቡ የጡንቻ ሕዋሳት በዓመት የሚተካው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ልብ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ያሉት ሕዋሳት ራሳቸው ይወፍራሉ። አዳዲስ የሚኮማተሩ ክሮች ይሠራሉ። ማሕፀን ውስጥ ሳለን ይሠሩ የነበሩ፣ ከተወለድን በኋላ የተዘጉ ጂኖችን ሳይቀር መልሰው ይከፍታሉ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለአባዬ ልብ አዝናለሁ፣ አከብረዋለሁም። ለዓመታት፣ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ ያን ሰውዬ ዳገት ሲያስወጣ ኖሯል። ችግሩ ወፍራም ጡንቻ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ግን በዚያው ልክ አይጨምሩም። ቀስ እያለ መሐል መሐሉ ላይ ሕዋስ ይሞታል። ቦታውን ጠባሳ ይይዛል። ጠባሳ አይኮማተርም። ግድግዳው ይደርቃል፣ ደም በወጉ አይሞላበትም። ከዚያ በኋላ ነው ትንፋሽ ማጠር፣ እግር ማበጥ፣ ትራስ ደራርቦ መተኛት የሚመጣው። ሰው «ታመምኩ» የሚለው እዚህ ሲደርስ ነው። ሕዋሱ ግን መጨነቅ ከጀመረ ዘመን ሆኖታል።

በሽታን ከሕዋስ ጀምሮ ማየት ያስተማረን ሩዶልፍ ፊርሾ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 በርሊን ውስጥ የሰጣቸውን ትምህርቶች በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን ሐኪሞች በሽታን ከሰውነት ፈሳሾች መዛባት ጋር ነበር የሚያያይዙት። እሱ ግን ሕዋስ ከሕዋስ እንደሚወለድ፣ በሽታም የሕዋስ ሕይወት መዛባት እንደሆነ ተከራከረ። እኛ ዛሬ ሰም የምንቆርጠው በእሱ መንገድ ነው። ስለዚህ ሰው ሌላም የምለው አለኝ፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሕዋስ ሲጨነቅ መወፈር ብቻ አይደለም የሚያውቀው። መለወጥም ይችላል። የሚያጨስ ሰው የአየር ቧንቧ ይህንን ያሳያል። ጤነኛው ሽፋን ጫፉ ላይ ጥቃቅን ፀጉር አለው። ፀጉሮቹ እየተወዛወዙ አክታና አቧራ ወደ ላይ ይገፋሉ። ጭሱ ሲበረታባቸው ከሥር ያሉት እናት ሕዋሳት ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። ፀጉራሙን ትተው ጠፍጣፋና ጠንካራ፣ በአፋችን ውስጥ ካለው ጋር የሚመሳሰል ሽፋን ይሠራሉ። አዲሱ ሽፋን ጭሱን ይችላል። አክታ መጥረግ ግን አይችልም። ሳሉ ከዚያ ነው። ሲጋራው ከቆመ ሽፋኑ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል። ከቀጠለ ግን የሳንባ ካንሰር የሚነሣበት መሬት ይሆናል። ጉበት ላይ የሚከማች ስብም እንደዚሁ ነው፤ መጠጥ በማብዛት የመጣ ከሆነ፣ ሲተዉት በሳምንታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ጉበቱ ጠባሳ በጠባሳ ከሆነ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በሽታ ያልሆነ ጭንቀትም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ከሰመራ ወይም ከጋምቤላ ዘመድ ሲመጣ፣ የራስ መኮንንን ዳገት ሲወጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቁና ቁና ይተነፍሳል። እኛ «አየሩ ከብዶት ነው» እንላለን። ኩላሊቱ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ግን ነገሩን ቀድመው አውቀውታል። ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን በበቂ ሁኔታ ሲኖር እየተሰባበረ የሚወገድ፣ ሲጎድል ግን የሚጠራቀም አንድ ፕሮቲን አለ። ሲጠራቀም ኤሪትሮፖይቲን የሚባለው ሆርሞን እንዲመረት ያዝዛል። ሆርሞኑ መቅኒ ውስጥ ገብቶ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛ ያደርጋል። ይህንን አሠራር የገለጡት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍ እና ግሬግ ሴሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ላብራቶሪያችን ደጋግሞ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የአንገት እጢ ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎች ወጣቶች ናቸው። እጢው ወራት ቆይቷል፤ አያምም፤ ስለማያም ተረስቷል። ቅባት ተቀብቷል፣ ቅጠል ታስሮበታል፣ ጠበል ተረጭቶበታል። ሐኪሟ በቀጭን መርፌ ስትስበው አንዳንዴ ደም አይወጣም፤ ነጣ ቢጫ ያለ፣ የሚፈረፈር፣ አይብ የመሰለ ነገር ይወጣል። በሕክምናም ስሙ ከአይብ የተወሰደ ነው። ይህ ሲታይ ቲቢ መጠርጠሩ አይቀርም።

ስላይዱን በማይክሮስኮፕ ብታዩት ትልቅ ውጊያ ነው ያለው። መሐሉ የሞተ ሥጋ ነው፤ ቅርጽ የለው፣ ኒውክሊየስ የለው፣ ዝም ብሎ ሮዝ። ዙሪያውን ማክሮፋጆች ከበውታል። ማክሮፋጅ ማለት ባዕድ ነገር የሚውጥ ሕዋስ ነው። የቲቢን ባክቴሪያ ውጠውታል፣ ግን መፍጨት አቅቷቸዋል። ባክቴሪያው ሆዳቸው ውስጥ መኖርን ያውቅበታል። እነሱም አልሸሹም። ጎን ለጎን ተጣብቀው አጥር ሆኑበት። አንዳንዶቹ እርስ በርሳቸው ተዋሕደው አንድ ግዙፍ ሕዋስ ሠርተዋል። ኒውክሊየሶቹ ዳር ዳሩን ተደርድረው ግማሽ ክብ ይዘዋል። እሱን ሳገኝ ፓቶሎጂስቷን ሳልጠራ አላልፍም፤ ሁሌም እንደ አዲስ ነው የምናየው። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ሊምፎሳይቶች የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ቆመዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ የቲቢ ባክቴሪያ ገብቶበታል። በሕይወት ዘመናቸው ወደ ሕመም የሚያልፉት ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። ሌላውን የጠበቀው ይህ አጥር ነው። አጥሩን የሚጠብቁት ሕዋሳት ሲዳከሙ፣ በኤችአይቪ ወይም በምግብ እጥረት ወይም በስኳር ሕመም፣ ባክቴሪያው ይወጣል። ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1882 የበሽታውን መንስኤ ካስታወቀ ብዙ ዘመን አለፈ። ቲቢ የሚድን በሽታ ነው። ሆኖም ያ የማያም እጢ ዛሬም በሻርፕ ተሸፍኖ ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ መሐል ሌላ ዓይነት ሞትም አለ፤ ጸጥ ያለው። ሕዋሱ ራሱ ወስኖ የሚሞተው። ይሰበሰባል፣ በሽፋን የተጠቀለሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ይሆናል፣ ጎረቤቶቹም ይበሉታል። ምንም አይፈስስም፣ ዙሪያው አይቆጣም። ጆን ኬር፣ አንድሩ ዋይሊ እና አላስቴር ከሪ እ.ኤ.አ. በ1972 አፖፕቶሲስ ብለው ሰየሙት። በማሕፀን ሳለን በጣቶቻችን መሐል የነበረው ሥጋ የጠፋው በዚህ ነው። አንዲት ሚሊ ሜትር የምታክል ትል አለች። በዕድገቷ 1,090 ሕዋሳት ትሠራለች፤ ከነሱ 131ዱ ሁልጊዜ፣ በታወቀ ቦታና በታወቀ ሰዓት ይሞታሉ። 959 ይቀራሉ። ሲድኒ ብሬነር፣ ሮበርት ሆርቪትዝ እና ጆን ሰልስተን እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በዚህች ትል ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ዲኤንኤው ክፉኛ የተበላሸ ሕዋስም በዚሁ መንገድ ራሱን ያስወግዳል። ይህንን አልሰማም ያለ ሕዋስ ነው አንድ ቀን ካንሰር ሆኖ እኔ ጋ የሚመጣው።

ቁስል በአንጻሩ ጯሂ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይታከማል። እጅ ሲቆረጥ መጀመሪያ ኒውትሮፊሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ማክሮፋጆች ይረከቧቸዋል። መግል የምንለው በአብዛኛው የሞቱት ኒውትሮፊሎች ናቸው። ቅላቱ፣ እብጠቱ፣ ትኩሳቱ የሥራቸው ምልክት ነው። ጠባሳው ከሦስት ወር በኋላ የጤነኛ ቆዳን ጥንካሬ ከ70 እስከ 80 በመቶ ያህል ይደርሳል፣ ሙሉውን ግን አያገኘውም። ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ ይህ ጩኸት ራሱ ይጠፋል። ስኳሩ ለዓመታት ነርቮቹን ጎድቷቸዋል። ጫማ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ሲወጋው ይውላል፣ አይሰማውም። ማታ ካልሲው ላይ ደም ያያል። ተቆርጦ የመጣ ጣት ሳዘጋጅ ሁልጊዜ የማስበው ያንን ጠጠር ነው።

ሰው ለምን ቶሎ አይመጣም? በስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። መርካቶ ተሸክሞ የሚያድር ሰው፣ ምንም ሳይሰማው የቀን ገቢውን ትቶ ሆስፒታል ወረፋ ይያዝ ማለት ከባድ ነው። እዚህ ላይ ነው ወደ ፊርሾ የምመለሰው። እ.ኤ.አ. በ1848 ላይኛው ሲሌዥያ ውስጥ የተነሣውን የታይፈስ ወረርሽኝ እንዲያጠና ተልኮ ነበር። ገና ወጣት ሐኪም ነው። የጻፈው ሪፖርት ግን ስለ መድኃኒት ብቻ አልነበረም። ሕዝቡን የጣለው ድህነቱ፣ ረሃቡና ትምህርት ማጣቱ እንደሆነ፣ መፍትሔውም ከዚያ እንደሚጀምር ለመንግሥት በግልጽ ጻፈ። ዓለምን በማይክሮስኮፕ እንድናይ ያስተማረ ሰው ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አንሥቶ ማየትም ይችል ነበር። እኔም ስላይድ ሳዘጋጅ ይህን ላለመርሳት እጥራለሁ።

በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚል ተለጥፎ አይተናል። በቃላችን እናውቀዋለን። የጎደለው፣ የምንጠነቀቅለት ጉዳይ በስሜት የማይታወቅ መሆኑን የሚነግረን ነው። ግፊት በመለኪያ እንጂ በራስ ምታት አይታወቅም። ስኳርም እንደዚያው። አሁን በብዙ ፋርማሲዎች ግፊት መለካት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ማኪያቶ እስኪመጣ ድረስ ያልቃል።

አባዬ በየጠዋቱ መድኃኒቱን ይወስዳል። ጨው ቀንሷል፤ በዚህ ጉዳይ ከእናቴ ጋር ገና አልተስማሙም። ኢኮው ሲደገም ግድግዳው 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ «ጥሩ ነው፣ ይቀጥል» አለ። ግፊት በመድኃኒት ሲወርድ የወፈረው የልብ ጡንቻ እየቀነሰ መሄድ ይችላል። ጠባሳ የሆነው ክፍል ግን በቀላሉ አይመለስም። የደረስነው ከዚያ በፊት ይመስለኛል።

አሁን ያሳሰበኝ ኩላሊቱ ነው። ክሬያቲኒኑ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ደህና ነው ተብሏል። እሱም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከቶታል፤ ለጓደኞቹ ያሳየዋል። እያንዳንዱ ኩላሊት ግን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ማጣሪያዎች አሉት። የተወሰኑት ሲሞቱ የቀሩት ይወፍሩና የነሱን ሥራ ጭምር ይሠራሉ። በዚህ የተነሣ ክሬያቲኒን ኩላሊቱ ግማሽ ያህል አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ከደህናው መጠን ላይወጣ ይችላል። ሽንት ውስጥ የሚወጣ አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን ግን ቀድሞ ይታያል። ስለዚህ የሽንት ምርመራ እንዲታዘዝለት ጠይቄ ታዞለታል። በሚቀጥለው ሳምንት አብሬው እሄዳለሁ። ውጤቱ ሲመጣ፣ እሱ ከፈቀደልኝ፣ ስለ ኩላሊት ራሱን አስችዬ እጽፋለሁ።